ማንበብ የማይችለው ሰው ያስመዘገባት መንደር

አሜሪካ ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ ድቅን የሚለው ፎቅ ነው። ዲቪ ስንሞላ የኖርን ልጆች ኒውዮርክን፣ ዋሽንግተንን፣ ሲቀናንም ሎስ አንጀለስን እያሰብን ሞላን እንጂ «የበቆሎ ማሳ መሀል ጣለኝ» ብሎ የተሳለ ሰው እስካሁን አልገጠመንም። ፊልሙም ዘፈኑም የሚያሳየን ከተማውን ስለሆነ በማንም አንፈርድም። እኛ ግን ዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው ማሳውን ነው። ያውም ምንም የማይታይበትን! (እስቲ ትንሽ ታገሡን።)

ቦታው ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ፣ በሚሲሲፒና በኢሊኖይ ወንዞች መካከል፣ ፓይክ በሚባል ካውንቲ የሚገኝ ሀድሊ የተባለ ታውንሺፕ ነው። ታውንሺፕ ማለት ምን መሰላችሁ? የአሜሪካ መንግሥት በ1785 ባወጣው ሕግ (ዛሬ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ቀያሾች ልኮ የምዕራቡን መሬት እንደ ቅርጫ ሥጋ እኩል መደብ መደብ አስደረገው። አንዱ መደብ ስድስት ማይል በስድስት ማይል ነው። እሱ ደግሞ መልሶ 36 ቦታ ይከፈላል። ከ36ቱ አንዷ ብቻዋን 640 ኤከር ትሆናለች። ይህቺን ቁጥር ያዙልን፣ ኋላ እንፈልጋታለን። ቀድሞ በመሬቱ ላይ የነበሩት ነባር ሕዝቦች በቅርጫው ድርሻ እንዳልነበራቸው መቼም አይጠፋችሁም።

በሀድሊ ታውንሺፕ ውስጥ አንድ ጊዜ ኒው ፊላደልፊያ የምትባል መንደር ነበረች። ትልቅ በነበረችበት ጊዜ፣ በ1865፣ የነዋሪዎቿ ቁጥር 160 ገደማ ነበር። እኛ ሰፈር አንድ ግቢ ውስጥ ያሉት ኮንዶሚኒየሞች ከዚህ የበለጠ ሰው ይይዛሉ። ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ ቤቶች አንዱም አልቆመም። እኛም በእግራችን አልደረስንባትም፤ ያወቅናት በመጻሕፍትና በቁፋሮ ዘገባዎች ነው። የጋዜጠኝነት ትምህርት ቤት «ውሻ ሰው ቢነክስ ዜና አይደለም፣ ሰው ውሻ ቢነክስ ነው ዜናው» እያለ ላስተማረን ለእኛ 160 ሰው የነበራት፣ አሁን ደግሞ ማንም የሌለባት መንደር ወሬ የምትሆን አይመስልም ነበር።

ወሬ ያደረጋት መሥራቿ ነው። ፍራንክ ይባላል። በ1777 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ በባርነት ተወለደ። እናቱ ከምዕራብ አፍሪካ የተወሰደች ሴት ነበረች። አባቱ ደግሞ ያው ጌታው ራሱ እንደሆነ ነው የሚታመነው። በ1795 ጌታው ወደ ኬንታኪ ሲሄድ ይዞት ሄደ። እዚያ በአጎራባች እርሻ ላይ በባርነት የነበረች ሉሲ የምትባል ሴት አገባ (የእኛዋን ድንቅነሽን እያሰባችሁ እንዳትጠፉብን)። በኋላም ጌታው ወደ ቴነሲ ሲዛወር ፍራንክን እርሻውን እንዲያስተዳድር ትቶት ሄደ።

ፍራንክ ከጌታው ሥራ በተረፈው ሰዓት ለሌሎች እየተቀጠረ ይሠራ ጀመር። ለጌታው የሚገባውን ይከፍላል፣ የቀረውን ያስቀምጣል። ከዚያ ዋሻ ውስጥ ገብቶ ሶልትፒተር የሚባለውን፣ ባሩድ የሚቀመምበትን ጨው ማውጣት ጀመረ። ጊዜው አሜሪካና እንግሊዝ በ1812 የገጠሙት ጦርነት ነበርና ባሩድ ተፈላጊ ነው፤ ሶልትፒተርም ገንዘብ ነው።

አሁን እዚህ ጋ ቆም እንበል። ገንዘቡ ሲጠራቀም ፍራንክ በመጀመሪያ የገዛው የማንን ነፃነት ነው? የራሱን አይደለም። በ1817 በ800 ዶላር የሉሲን ነፃነት ገዛ። ይህን ፍቅር ብቻ አድርጋችሁ ካነበባችሁት ግማሹ አመለጣችሁ። ሉሲ ያኔ ነፍሰ ጡር ነበረች። በሕጉ ደግሞ ልጅ የሚከተለው የእናቱን ዕጣ ነው። እናት ባሪያ ከሆነች የሚወለደውም ባሪያ ነው፣ እናት ነፃ ከሆነች ግን ነፃ ይወለዳል። ስለዚህ በዚያው ዓመት የተወለደው ልጃቸው ስኳየር በነፃነት ተወለደ። ራሱን ቀድሞ ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ስኳየርም አንድ ቀን ዋጋ ተቆርጦለት የሚገዛ ይሆን ነበር። ፍራንክ የራሱን ነፃነት የገዛው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1819፣ በሌላ 800 ዶላር ነው። በ1820 የሕዝብ ቆጠራ መዝገብ ላይ ስሙ «ፍሪ ፍራንክ»፣ ነፃው ፍራንክ፣ ተብሎ ተጻፈ።

ይህ ሁሉ ሲሆን ሰውየው ማንበብም መጻፍም አይችልም ነበር። ስሙን የሚፈርመው በመስቀል ምልክት ነው። ሕይወቱ ግን በሙሉ የቆመው ወረቀት ላይ ነበር፤ የሽያጭ ውል፣ የነፃነት ማስረጃ፣ የመሬት ሰነድ፣ ኑዛዜ። ወረቀቱ ቢጠፋ ሰውየው ይጠፋል። አንድ ፎርም ለማስሞላት ሦስት ቢሮ ተመላልሰን የምንማረር እኛ፣ ማንበብ የማይችል ሰው በጠላቶቹ ፊደል የተጻፈን ወረቀት አምኖ ቤተሰቡን ሲያወጣ ስናይ አፍረናል።

ልጁ ትንሹ ፍራንክ በ1826 ወደ ካናዳ አመለጠ። አባቱ በ1829 የሶልትፒተር ሥራውን እንዳለ አስረክቦ በምትኩ የልጁን ነፃነት ወሰደ። ገንዘብ ሲያመጣለት የነበረውን ሥራ ማለት ነው! ልጁ ከስደት ተመልሶ በ1830 ቤተሰቡ አብሮ ወደ ኢሊኖይ ተነሣ። ሦስት ልጆችና የልጅ ልጆች ግን ኬንታኪ በባርነት ቀርተዋል።

ኢሊኖይ «ነፃ ግዛት» ትባላለች። ነፃነቷ ግን በቅድመ ሁኔታ ነበር። ወደ ግዛቲቱ የሚገባ ነፃ ጥቁር የነፃነት ማስረጃ ማሳየትና የ1,000 ዶላር ዋስትና ማስያዝ ነበረበት። ጥቁር ሰው በነጭ ላይ ፍርድ ቤት ቆሞ መመስከር አይችልም። ድምፅ አይሰጥም። በ1853 ደግሞ ጭራሽ አዲስ ጥቁር ወደ ግዛቲቱ ገብቶ እንዳይኖር የሚከለክል ሕግ ወጣ፤ የተሻረው በ1865 ነው። ሚሲሲፒን ተሻግሮ ከሀድሊ ወደ 20 ማይል ርቀት ላይ ሃኒባል የምትባለው የሚዙሪ ከተማ አለች፤ የቶም ሶየር ደራሲ ማርክ ትዌይን ያደገባት። ሚዙሪ ባርነት የተፈቀደባት ግዛት ስለነበረች ሰው የሚሸጥበት ገበያ የአንድ ቀን መንገድ እንኳ አይሞላም።

ሀድሊ ያለበት አካባቢ ለ1812ቱ ጦርነት ዘማቾች በ160 ኤከር እየተሸነሸነ እንዲታደል የተመደበ መሬት ነበር። ፍራንክ የባሩዱን ጨው ከዋሻ አውጥቷል፣ መሬቱ የተሰጠው ግን ለተኮሱት ነው። እሱ ያችኑ 160 ኤከር ሳያያት፣ ገንዘብ ከፍሎ ከሌላ ሰው ገዛ። (ይህን ያነበብን ዕለት ሳቅም ንዴትም መጣብን።)

በ1836 ከራሱ መሬት 42 ኤከሩን አስቀይሶ፣ በ144 ቦታ ሸንሽኖ፣ መንገዶቹን አስምሮ በፓይክ ካውንቲ መዝገብ ቤት አስመዘገበ። በአዲስ አበባኛ «ካርታ አስወጣ» ማለት ነው። ከእርስ በርስ ጦርነቱ በፊት አንድ አፍሪካ አሜሪካዊ ቀይሶ በሕግ ያስመዘገባት የመጀመሪያዋ የአሜሪካ መንደር እሷ እንደሆነች ታሪክ ጸሐፊዎች ይናገራሉ። በ1837 የኢሊኖይ ምክር ቤት ስሙን ፍራንክ ማክዎርተር የሚያደርግ ልዩ ሕግ አወጣለት፤ በዚህ ስም መክሰስ፣ መከሰስ፣ መሬት መግዛትና መሸጥ እንዲችል። ለዚህ በቀረቡት ሰነዶች ላይ የመንደሯ ዓላማም ተጠቅሷል። ቦታ እየሸጠ በባርነት የቀሩ ልጆቹን ለመግዛት!

የሒሳቡ ነገር እነሆ። የመንግሥት መሬት ከ1820 በኋላ በኤከር 1 ዶላር ከ25 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ስለዚህ ለሉሲ የተከፈለው 800 ዶላር በዚህ ዋጋ 640 ኤከር ይገዛል። ያዙልን ያልናችሁ ቁጥር ይሄው ነው! አንዲት ሚስት፣ ከታውንሺፑ 36 መደቦች አንዱ። ፍራንክና ቤተሰቡ ራሱን ጨምሮ 16 ሰዎችን ገዝተው ነፃ አውጥተዋል፤ ጠቅላላ ወጪው ወደ 14,000 ዶላር እንደሚጠጋ ይገመታል። ይህ ገንዘብ በመሬት ቢመነዘር 11,200 ኤከር ነው። ሀድሊ ታውንሺፕን ግማሽ ለመሙላት ትንሽ የቀረው ማለት ነው። ጎረቤቱ የነበረ ነጭ ገበሬ የዚያኑ ያህል ለፍቶ የዚያኑ ያህል ቢቆጥብ ለልጆቹ የታውንሺፕ ግማሽ ያወርስ ነበር። ፍራንክ ያንን ሁሉ ያወጣው ልጆቹ የእሱ እንዲሆኑ ብቻ ነው። ባርነት ምን እንደሚያስከፍል ብዙ ንግግር ሰምተናል፣ እንደዚህች ስሌት ያስደነገጠን ግን የለም።

ፍራንክ በ1854፣ በ77 ዓመቱ ሞተ። ሲሞትም ሥራውን አላቆመም ማለት ይቻላል፤ በኑዛዜው መሠረት ገና በባርነት የቀሩ የልጅ ልጆቹን ልጆቹ ገዝተው አወጡ።

እንግዲህ ክርክራችን እዚህ ጋ ይጀምራል። ስለ ኒው ፊላደልፊያ የሚጻፉ አጫጭር ጽሑፎች አብዛኞቹ የሚያልቁት በባቡር ነው። በ1869 ከሃኒባል ተነሥቶ ወደ ኔፕልስ የሚሄድ የባቡር ሐዲድ ሲዘረጋ መንደሯን አንድ ማይል ያህል በሰሜን በኩል ትቷት አለፈ። ጎረቤቷ ባሪ ጣቢያ አገኘች። ነጋዴው፣ አንጥረኛው፣ ወጣቱ ሐዲዱን ተከትሎ ሄደ። በ1885 የመንደሯ አንድ ክፍል በሕግ ተሰርዞ መልሶ የእርሻ መሬት ሆነ። «ባቡር የገደላት መንደር» ይሏታል። ያሳዝናል፣ ይነበባል፣ ያልቃል።

ሐዲዱ ለምን እንዲያ ዞረ የሚለው ራሱን የቻለ ጥያቄ ነው። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው አርኪዮሎጂስት ክሪስቶፈር ፌኔል ነገሩን አጥንቶ፣ ዙሩን የመሬቱ አቀማመጥ ብቻ አያስረዳውም፣ ዘረኝነት እጁ አለበት ብሎ ይከራከራል። እኛም ወደዚያ እናደላለን። በዚያ ዘመን ባለ ሐዲዶቹ ጣቢያ የት እንደሚቆም ሲወስኑ ማን ባለጠጋ እንደሚሆን ጭምር ይወስኑ ነበር፤ በጥቁር ሰው ስም የተመዘገበች መንደር ደግሞ ለእነሱ ምርጫ የምትቀድም አይደለችም። ይሁንና ነጮች ብቻ የሚኖሩባቸው የመካከለኛው ምዕራብ መንደሮችም ባቡር ዘሏቸው በየማሳው እንደጠፉ ማስታወስ ተገቢ ነው።

የእኛ ቅሬታ ግን ሌላ ነው። መንደር ሁሉ ከተማ ለመሆን ነው የሚቆረቆረው ያለው ማነው? ኒው ፊላደልፊያ በወረቀት ላይ የሰፈረ ዓላማ ነበራት፤ ቦታ ሽጦ ሰው መግዛት። ባቡሩ በ1869 ሲመጣ ፍራንክ ከሞተ 15 ዓመት ሆኖታል፣ ባርነትም ራሱ ከተሻረ አራት ዓመት አልፎታል። የሚገዛ የቤተሰብ አባል አልቀረም። ባቡሩ የደረሰው መንደሯ ሥራዋን ከጨረሰች በኋላ ነው። ስለዚህ «የከሸፈች መንደር» የሚለውን አጠራር አንቀበልም።

አንድ ጓደኛችን ይህን ሐሳብ ስናጫውተው «ለእናንተ ቀላል ነው» አለን። እውነቱን ነው። ነፃ የወጡት ልጆችና የልጅ ልጆችስ? የእነሱ ውርስ እነዚያ ቦታዎች ነበሩ። ጣቢያ ቢኖር የአንዱ ቦታ ዋጋ እጥፍ ድርብ ይሆን ነበር፤ የባሪ ባለ ሱቅ ለልጁ ያወረሰውን የማክዎርተር ልጅም ያወርስ ነበር። አባትየው የታውንሺፕ ግማሽ የሚያህል ሀብት ለነፃነት ከፈለ፣ የተረፈችውን መሬት ደግሞ ሐዲዱ ዋጋ አሳጣት። ሁለት ጊዜ ተከፈለ ማለት ነው። ለዚህ መልስ የለንም። መንደሯ አልከሸፈችም ማለታችን ባቡሩን ይቅር ብለናል ማለት እንዳልሆነ ግን ይያዝልን።

ሁለተኛው የማይጥመን ነገር ደግሞ የፍቅር ተረቱ ነው። ኒው ፊላደልፊያ ጥቁርና ነጭ ጎን ለጎን የኖሩባት መንደር ነበረች። ብዙ ሰው የማያውቀው፣ አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ነጮች ነበሩ። ቁፋሮውም ቢሆን በጥቁርና በነጭ ቤተሰብ ቤት ፍርስራሽ ውስጥ የተገኘው የሸክላና የሳህን ስብርባሪ ተመሳሳይ መሆኑን አሳይቷል፤ ከአንድ ሱቅ ይገዙ ነበር እንበል። በ1874 ገደማ በተሠራው ትምህርት ቤት ልጆቻቸው አብረው ተቀምጠው ተምረዋል። ይህ ለዚያ ዘመን ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚህ ተነሥተው «የዘር ልዩነት የማይታወቅባት» እያሉ የሚያሽሞነሙኗት ግን መቃብሩን ረስተውታል። ጥቁሮቹ የተቀበሩት ለብቻ ነው። ፍራንክም ያረፈው እዚያው የጥቁሮች መቃብር ነው። በሕይወት ሳሉ አንድ ሱቅ፣ አንድ ክፍል፣ ሲሞቱ ግን ለየብቻ!

መንደሯ እንዳትረሳ ያደረጉት በመጀመሪያ ባለሥልጣናት አልነበሩም። የፍራንክ የልጅ ልጅ ልጅ ልጅ የሆነችው የታሪክ ምሁር ጁልየት ዎከር በ1983 «ፍሪ ፍራንክ» የተባለውን መጽሐፏን አሳተመች፤ ከወረቀቶቹ ተነሥታ፣ ቅድመ አያቷ ማንበብ ያልቻላቸውን ሰነዶች አንብባ። በ1996 የአካባቢው ሰዎች፣ ገበሬዎች ጭምር፣ ማኅበር አቋቋሙ። ከ2002 ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ከነተማሪዎቻቸው መጥተው የታረሰውን መሬት በእግራቸው እየተራመዱ መልቀም ጀመሩ። ጠርሙስ፣ ቁልፍ፣ ምስማር፣ የልጆች ብይ። ብይ! ከሁሉ ልባችንን የነካው እሱ ነው፤ ስኳየር ነፃ ባይወለድ፣ መንደሯም ባትኖር፣ እዚያ አፈር ላይ ተንበርክኮ ብይ የሚጫወት ልጅ አይኖርም ነበርና።

ከዚያ ቦታው በ2009 ብሔራዊ ታሪካዊ ምልክት ተባለ፤ በታኅሣሥ 2022 ደግሞ በወጣ ሕግ ብሔራዊ ታሪካዊ ሥፍራ ሆኖ ወደ አሜሪካ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት ገባ። «ምን ይታያል ተብሎ?» የሚሉ አልጠፉም። ሣር ነው የሚታየው፣ ትክክል ናቸው። ቤት እንደገና ይሠራበት፣ ሐውልት ይቁምበት የሚል ሐሳብም ይኖራል። የእኛን አስተያየት ለሚጠይቅ (ማንም አልጠየቀንም እንጂ)፣ ሣሩ ይተውልን እንላለን። አዲስ የተሠራ አሮጌ ቤት አይተን «በቃ እንዲህ ነበር» ብለን ፎቶ ተነሥተን እንሄዳለን። ባዶ ማሳ ላይ የቆመ ሰው ግን ቢያንስ «ቤቶቹ የት ሄዱ?» ብሎ ይጠይቃል። ከዚያ ሐዲዱ ይነሣል፣ ከሐዲዱ ሕጉ፣ ከሕጉ የ800 ዶላሩ ወረቀት።

ባቡሩ ዘሎት ያለፈው ሰውዬ ስሙ ዛሬ መንገድ ላይ አለ። ፓይክ ካውንቲን አቋርጦ ከሚያልፈው ኢንተርስቴት 72 የተባለ አውራ ጎዳና አንዱ ክፍል በፍራንክ ማክዎርተር ስም ተሰይሟል። ቆፋሪዎቹም እስከ አሁን አንድ ጉድጓድ ሲከፍቱ ያገኙትን ዕቃ የሚመዘግቡት በ1836ቱ ካርታ ላይ ባለው የቦታ ቁጥር ነው።